የጋሽ ጎበዜ ጠመኔ

ጋሽ ጎበዜ ማረፉን የነገረችኝ ልጄ ምሕረት ናት። በሕመሙ ጊዜ ሚስቱ አስካለች ስለ መድኃኒቱም ስለ ምግቡም የምታማክረው እሷን ስለነበር፣ እኔ የጋራዡ ጎረቤት ሳልሰማ ከዲምቱ ወዲያ ቆላ ውስጥ ያለችው ልጄ ቀድማ ሰማች። ደወለችና ሰላምታም ሳታስቀድም «አባዬ፣ ቁጭ በል» አለችኝ።

«ቆሜ ነው የምሰማው፤ ተናገሪ» አልኳት።

ነገረችኝ። ስልኩን ስዘጋ በሌላው እጄ የልብስ ጠመኔ ይዤ ነበር። ሱሪ ልቆርጥ ጨርቁ ላይ የጀመርኩት መስመር ከጨርቁ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሄዷል። በስፌት ዘመኔ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስምሬ አላውቅም።

ሰው በቶሎ አላሞግስም። ልጆቼ ይህን ያውቃሉ፤ ጥሩ ውጤት ይዘው ሲመጡ «ግዴታችሁን ነው የተወጣችሁት» እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ምስጋና የበዛለት ሰው ይሰንፋል የሚል እምነት አለኝ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ስለዚህ ሰው ግን ዝም ብል እግዚአብሔርም አይወድልኝም።

ጋሽ ጎበዜ መካኒክ ነበር። ሶዶ ውስጥ፣ ከስፌት ቤቴ በስተጀርባ፣ መንገዱ ወደ ታች መውረድ በሚጀምርበት ቦታ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ነበረችው። በዕድሜ ይበልጠኛል። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው ተቆጣ። «አንቱ የሚባለው ጥርሱ ያለቀ ሰው ነው። የኔን ቁጠር!» ብሎ አፉን ከፈተልኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እያልኩ አንተ እለው ነበር።

ትሑት ሰው አልነበረም። ስለሞተ ብቻ ትሑት ነበረ ብዬ አልዋሽም። ጉረኛ ነበር። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ፍሬን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ እንደሆነ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ቱታው በየቀኑ ይተኮሳል፤ መኪና ሥር በጀርባው ሊተኛ የሚሄድ ሰው የተተኮሰ ቱታ ይለብሳል! ማበጠሪያ ከኪሱ አይለይም። ነገር ሲከብደው ማበጠሪያውን አውጥቶ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጥራል፤ እኛም ያን ጊዜ እያሰበ መሆኑን እናውቃለን። ቀይ ሞተር ብስክሌት ነበረችው። ቤቱ ቅርብ ሆኖ ሳለ ጠዋትና ማታ በእሷ ይመላለሳል፤ ገበያው መሃል ሲደርስ ደግሞ ከፊቱ ማንም ሳይኖር ጥሩምባ ይነፋል።

እኔን «ሰባኪው» ነበር የሚለኝ። ሰባኪ አይደለሁም፤ በጸሎት ቤታችን መቀመጫዬ ከኋላ ነው። ምክር ስለማበዛ ያወጣልኝ ስም ነው። እሱ ኦርቶዶክስ ነው። በጾም ቀን ከቤቴ የሥጋ ሽታ ሲወጣ ወደ መስኮቴ ዞሮ፣ «ሰባኪው! ለነፍሴ መጸለዩን ተወውና መስኮቱን ዝጋልኝ!» ብሎ ይጮኻል። ሰፈሩ ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር፤ መስኮቱን ግን እዘጋለሁ።

ትውውቃችን በጠመኔ ነው። አንድ ቀን ወደ ስፌት ቤቴ ገብቶ የልብስ ጠመኔ ለመነኝ። ሰጠሁት። በሌላ ሳምንት ተመልሶ መጣ። እንደገና መጣ። የኔ ጠመኔ ሰም ያለበት ስለሆነ ብረት ላይ ይይዝለታል፣ የትምህርት ቤቱ ግን ይረግፍበታል። መኪና የሚሠራ ሰው ጠመኔ ለምን እንደሚፈልግ ስላልገባኝ ለማየት ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

ያን ዕለት ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መስመር የሚሠራው ሹፌር ካሳ ሚኒባሱን አሠርቶ ሊወስድ ቆሟል። ሚኒባሱ በክሪክ ተነሥቷል፣ የፊት ጎማዎቹ ተፈትተው ከጎማው ጋር የሚዞሩት ክብ ብረቶች፣ ዲስኮቹ፣ ይታያሉ። ጋሽ ጎበዜ ጠመኔውን ወደ ካሳ ዘርግቷል።

«ማን ነው የሚሳፈርበት?»

«ተሳፋሪ ነዋ!»

«ተሳፋሪ ስም የለውም?»

«እኔ የተሳፋሪ ስም እየጠየቅሁ ነው እንዴ የምጭነው?»

«እንግዲያው የምታዝንለትን አንድ ሰው ጥቀስ። ዲስኩ ላይ ራስህ ጻፍ።»

ካሳ ወደ ኋላ ሸሸ። «የሰው ስም ጽፎ መደምሰስ የጠንቋይ ሥራ ነው። ቁልፌን ስጠኝ!»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ጋሽ ጎበዜ ግን አልተቆጣም። ራሱ የካሳን ስም ዲስኩ ላይ ጻፈና በእጁ አሽከረከረው። ዲስኩ ዞሮ ቆመ፤ ስሙ ትንሽ ቢደበዝዝም ይነበባል። «ፍሬኑ ሳይያዝ ስሙ ከጠፋ፣ ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመው ሸራ አልለቀቀውም ማለት ነው። መንገድ ላይ ይግላል፣ ይነክሳል።» ከዚያ ረዳቱን ማርቆስን ፍሬኑን እንዲረግጥ አዘዘውና እንደገና አሽከረከረ። ዲስኩ ቀጥ አለ። ሲለቅና ሲረግጥ፣ ሲለቅና ሲረግጥ ቆይቶ ስሙ ከዲስኩ ላይ ጠፋ።

«ስሙን ፍሬኑ ወሰደው» አለ ጋሽ ጎበዜ። «አሁን አንተ ደግሞ 'ሰውየውን መንገዱ አይወስደውም' በል።»

«አልልም» አለ ካሳ። ጎማዎቹ እንደታሰሩለት ቁልፉን ነጥቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጋራዥ እንደሚያሠራ ሰማን።

«ጋሼ፣ መስመር ብታሰምር አይበቃም ነበር?» አልኩት። «ደንበኛህን ለምን ታባርራለህ?»

«ይበቃል። መስመር ግን እናት የላትም» አለኝ።

ይህን መልስ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የማውቀውን ሁሉ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስፌትን አሮጌ ሱሪ እየተረተርኩ፣ ፊደልን ጨርቅ ተጠቅልሎበት የሚመጣ ጋዜጣ እየገለበጥኩ ነው ያወቅሁት። ሥራን በሚገባ መሥራት ሕግ እንደሆነ ለልጆቼ ስነግር ኖሬአለሁ። ለማን እንደምሠራ በስም ጠርቼ ግን አላውቅም ነበር። የሚቀጥለውን ቱታ ስሰፋለት ደረቱ ላይ ጠባብ ኪስ ጨመርኩለት፤ ለጠመኔ። በማግስቱ በገበያው መሃል እየዞረ ኪሱን ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።

ይህ ሁሉ ለሌላ ሰው ሲሆን ያየሁት ነው። በራሴ ቤት የመጣው በክረምት ነው።

ልጄ ምሕረት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ያለችበት ቀበሌ ከዲምቱ ታች፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ አምቡላንስ ወንዙን አይሻገርም። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ለጤና ኬላው ትቶት የሄደ አሮጌ ባለ አራት ጎማ ሞተር አለ፤ የአገሬው ሰው «አራት እግር» ይለዋል። ጭቃውንም ወንዙንም የሚሻገረው እሱ ነው። ከኋላው ወንበር ተበይዶለታል፤ ምጥ የያዛት እናት እዚያ ላይ ተቀምጣ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ነጂዋ ልጄ ናት። ሴት ልጄ ሞተር መንዳቷን አልወደድኩትም ነበር፤ ይሁን እንጂ ሥራዋ ስለሆነ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ጠዋት አራት እግሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ጋሽ ጎበዜ በር ላይ ደረሰ። ምሕረት ከሹፌሩ ጎን ወረደች። ክርኗ ተልጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም አባዬ። ቁልቁለቱ ላይ የፊቱን ፍሬን ያዝኩ፤ ያዘ። ስለቀው ግን አልለቀቀም። ግራው ጎማ ነክሶ ወደ ገደሉ ጎተተኝ። ዘልዬ ወረድኩ።»

እሷ ወደ ጋሽ ጎበዜ ዞረች። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት መመለስ አለብኝ። አማረች የምትባል እናት ቀኗ ደርሷል። ያለፈውን ልጇን ወንዙ ዳር ነው ያጣችው፤ ያን ጊዜ አራት እግሩ አልነበረንም፣ በቃሬዛ ነበር የተሸከሟት። አሁን ባሏ በየቀኑ እየመጣ 'ሞተሩ አለ?' ይለኛል። አለ ብዬዋለሁ።»

ጋሽ ጎበዜ ማበጠሪያውን አወጣ። ፀጉሩን አበጠረ። «ማርቆስ፣ ክሪክ አምጣ» አለ።

የፊት ጎማዎቹ ተፈቱ። ዲስኩን በሁለት እጁ ሊያዞረው ሞከረ፤ አልተነቃነቀም። ሸራውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘውን ብረት ካሊፐር ይሉታል፤ ብሎኖቹን ፈትቶ እሱን አወጣው። ወደ አፍንጫው አስጠጋ። እንደገና አሸተተ። ከዚያ ወደኔ ዘረጋው።

«ሰባኪው፣ አሽትት። ምን ይሸትሃል?»

«የተቃጠለ ነገር።»

«ምን የተቃጠለ?»

አሸተትኩ። አፍንጫዬን ማመን አቃተኝ። «ቅቤ ነው እንዴ?»

ምሕረት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «የአራሷ አማት ናት» አለች ከነጠላዋ ሥር። «በበልግ ያደረስኳት አራስ። ልጠይቃት ስሄድ ራሷን ቅቤ እየቀቧት ነበር። አማትየዋ ቅቤውን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። 'ይህ ብረት ልጃችንን አድኖ እንዴት በደረቁ ይሄዳል?' ብላ መሪውን ቀባችው፣ መብራቱን ቀባችው፣ ጎማው ውስጥ እጇን አስገብታ ያብረቀረቀውን ሁሉ ቀባችው። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። ዲስኩንማ ወዲያው ጠርጌዋለሁ!»

ጋሽ ጎበዜ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አራስ ቤት አስገብተውታል! ማርቆስ፣ ፍሬኑን አራስ ቤት አስገብተውታል! ገንፎስ አላበሉትም?»

ማርቆስም ሳቀ፣ ምሕረትም ከነጠላዋ ሥር ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ የልጄ ክርን ነበር የሚታየኝ።

እሱም ወዲያው ሳቁን ትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑን ደግሞ ጎሚኒ የሚሉት የጎማ ቀለበት ያቅፈዋል። የላይኛው የአቧራ መከላከያ ተቀዷል፤ ቅቤው በዚያ ገብቶ፣ የቆላው አቧራ ተቀላቅሎበት፣ በሙቀቱ እንደ ሙጫ ሆኗል። ምሕረት መሪው ላይ ያለውን መያዣ እየጨበጠች፣ እሱ በእንጨት እየደገፈ፣ ፒስተኖቹ ቀስ በቀስ ወጡ። ጎሚኒውን በጣቱ አውጥቶ አሳየን፤ አብጧል።

«ይኸው። የጎማ ቀለበት ቅባት ሲያገኝ ያብጣል። ጠግቧል። የጠገበ ደግሞ የያዘውን አይለቅም።»

ማርቆስ ጎሚኒውን ይዞ የሶዶን የመለዋወጫ ሱቆች ዞረ። እኩለ ቀን ላይ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለዚህ ዓይነት ሞተር ከአዲስ አበባ ካልታዘዘ አይገኝም፤ ከታዘዘም ቀናት ይፈጃል።

«ጋሼ» አለ ማርቆስ፣ «የፊቱን የፍሬን ዘይት መስመር በብሎን እንድፈነው። በኋላው ፍሬን ትሂድ። ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

እውነት ነው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። በከተማችን ስንት መኪና እንዲህ ተደፍኖ እንደሚሄድ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጄ የገባችው ቃል ነበርና እኔም፣ «ለጥቂት ቀን ቢሆንስ?» አልኩ።

ጋሽ ጎበዜ ወደ ምሕረት ዞረ።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዢ ሰውነትሽ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ፊት።»

«ከኋላሽ ያለችው አማረችስ?»

«እኔ ላይ ትመጣለች።»

«ሆዷስ?»

ምሕረት ዞራ የኋላውን ወንበር አየች።

«ሁሉም የሚመጣው ፊት ላይ ነው። ፊቱን ደፍኜ አልሸኝሽም።»

«ካልሄድኩ ደግሞ ቃሬዛ ነው ጋሼ» አለች። «ቃሬዛውን አይቼዋለሁ። ወንዙ ዳር ቆመው ውኃው እስኪቀንስ ሲጠብቁ አይቻለሁ።»

ጋሽ ጎበዜ ማበጠሪያውን አወጣ፤ ግን አላበጠረም፤ በእጁ ይዞት ቆመ። ዓይኑ ግድግዳው ሥር በቆመችው ቀይ ሞተር ላይ ነበር። ማበጠሪያውን ወደ ኪሱ መለሰና፣

«ሰባኪው፣ ሜትርህን አምጣ» አለኝ።

ሄጄ የስፌት ሜትሬን አመጣሁ። የአራት እግሩን ፒስተን እንደ ሱሪ ወገብ ዙሪያውን ለካልኝ አለ፤ ለካሁ። ከዚያ ማንንም ሳያማክር የገዛ ሞተሩን የፊት ፍሬን ፈታ። የቀይዋ ሞተር ካሊፐር ሁለት ፒስተን ነበረው። ለካሁ። ልኩ አንድ ነው። ለአራት እግሩ የሚያስፈልገውም ሁለት ጎሚኒ ነበር፤ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ።

«ጋሼ፣ አንተስ በምን ትሄዳለህ?» አለው ማርቆስ።

«እግር የለኝም እንዴ? ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ እንደኔ ዓይነት እግር የት አለ?»

ከሰዓት በኋላ የሠራውን እያንዳንዱን ነገር አስታውሳለሁ። ፒስተኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጎ አሸ። ማርቆስ ከቀይዋ ሞተር የወጡትን ጎሚኒዎች በቤንዚን ሊያጥብ ሲል እጁን መታው፤ «ፍሬኑን ከቅቤ አውጥተን ቤንዚን ውስጥ?» በፍሬን ዘይት ብቻ አጠባቸው። በመስመሩ ውስጥ ያለው አሮጌ ዘይት ተደፍቶ አዲስ ተሞላ። በዘይቱ ውስጥ የቀረውን አየር ሲያስወጡ እሱ ከታች ተንበርክኮ፣ ምሕረት ከላይ መያዣውን ይዛ፣ አንድ ዜማ የሚመስል ነገር ጀመሩ።

«ጨብጪ።»

«ጨበጥኩ።»

«ያዢ… ያዢ… ልቀቂ።»

«ለቀቅሁ።»

«ጨብጪ።»

ሲያበቃ ከደረቱ ኪስ ጠመኔውን አወጣ። «ማን ነው የሚሳፈርበት?» ብሎ ጠየቀ፤ እንደማያውቅ ሰው።

ጠመኔውን ተቀብዬ በግራው ዲስክ ላይ «ምሕረት» ብዬ ጻፍኩ። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በትምህርት ቤት ወረቀቷ ላይ በየዓመቱ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን እጄ ከብዶኝ አያውቅም።

«የሰባኪው ፊደል እንደ ተጣመመ ብሎን ነው» አለ። «ይሁን፣ ይነበባል። ቀኙስ?»

ምሕረት በቀኙ «አማረች» ብላ ጻፈች።

አሽከረከራቸው። ሁለቱም ስሞች ዞረው መጡ፤ ይነበባሉ። ምሕረት ጨበጠች፤ ለቀቀች፤ ጨበጠች። ስሞቹ ጠፉ።

«ስማቸውን ፍሬኑ ወሰደው» አለ።

«ሰዎቹን መንገዱ አይወስዳቸውም» አልን እኔና ልጄ።

ሥራው ግን በዚህ አላለቀም። ማንኛውንም ፍሬን ከጋራዡ ሥር ባለው ቁልቁለት ላይ ወርዶ በመጀመሪያ የሚፈትነው ራሱ ነው። ጎማዎቹ ሲገቡ በተተኮሰ ቱታው አራት እግሩ ላይ ወጣና የኋላውን ወንበር አሳየኝ።

«ተሳፈር።»

«እኔ?»

«የእርጉዝ ሴት ክብደት ያስፈልገኛል። አንተ ደግሞ ሆድ አለህ።»

የገበያው ሰው እያየ፣ እኔ፣ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማልስቅ ሰው፣ በምጥ የሚሄዱ እናቶች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ መሃል ሲደርስ ያዘ፤ ቀጥ አለ። ደረቴ ጀርባው ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ለቀቀ፤ ያለ አንዳች መንከስ ወረደ። ያዘ፤ ቆመ። «መያዝማ ማንም ይይዛል» አለኝ ፊቱን ሳያዞር፤ «የምፈትነው መልቀቁን ነው።» ታች ስንደርስ እንደ ልማዱ፣ ከፊቱ ማንም ሳይኖር፣ ጥሩምባ ነፋ። ያን ዕለት ሳቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ከብዷል። አራት እግሩን እስከ ዲምቱ የሚያደርስ የጭነት መኪና አግኝተን ጫንነው፤ ምሕረት ከዚያ በኋላ በራሷ ትነዳለች። ከጎኑ ቆሜ እመክራት ጀመር። ውኃው ከጉልበት ካለፈ እንዳትገቢ፤ ቁልቁለቱን በቀስታ፤ ስትደርሺ ደውዪ፤ ኔትወርክ ከሌለ ወደ ጉብታው ውጪና ደውዪ፤ ጸሎትሽን አትርሺ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። እኔ እየመከርኩ ነው። የመኪናውን በር በእጄ እንደያዝኩ አላወቅሁም ነበር። ከኋላዬ፣ በዚያው በትናንቱ ድምፅ፣

«ልቀቅ» አለ ጋሽ ጎበዜ።

ለቀቅሁ።

አማረች በዚያው ሳምንት ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ሴት ልጅ ወለደች። ምሕረት ስትደውል በመጀመሪያ ያለችው «ለጋሽ ጎበዜ ንገረው፤ ይይዛል፣ ይለቃልም» ነው። ስነግረው እንደ ሁልጊዜው ጎረረ፤ «ማን ሠራውና!» አለ። ከዚያ ወደሚሠራው መኪና ሥር ገባና ለብዙ ጊዜ አልወጣም። እግሮቹ ብቻ ነበሩ የሚታዩኝ።

ጎሚኒው ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ድረስ በእግሩ ተመላለሰ። ፍሬን የሌላት ሞተር እንደማይነዳ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ገበያው አልራራለትም። «ጋሼ፣ ጥሩምባህስ?» ይሉታል። እሱም በአፉ «ጲጵ! ጲጵ!» እያለ ያልፋል። ቱታው ሁልጊዜም እንደተተኮሰ ነው።

ስለ ቅቤዋ ሴትም ልጨምር። ቂም አልያዝኩባትም። ከልቧ አመሰገነች፤ ምስጋናዋ ግን ቦታውን ሳተ። እኔ ደግሞ ምስጋናዬን ሁሉ ውስጤ ይዤ ኖሬአለሁ፤ ከሁለታችን የተሻለችው እሷ ትመስለኛለች። ጋሽ ጎበዜ በምሕረት በኩል መልእክት ላከባት፦ «ቅቤውን ለአራሷ፤ ለብረቱ ውኃና ጨርቅ ይበቃዋል።» ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል፣ ከዚያ ቤት አንድ ቅል ቅቤ መጣለት። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና፣ «አሁን ትክክለኛውን ቦታ አገኘ» ብሎ ግማሹን በመስኮቴ አቀበለኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ያረፈው።

ቀብሩ በትውልድ አገሩ፣ ተበላ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከሶዶ እስከዚያ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጠዋት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስደርስ አንድ ሚኒባስ ወንበሮቹ ተነቅለው አስከሬኑን ሊጭን ቆሟል። ሹፌሩ ካሳ ነው። ማንም ሳይጠራው ነበር የመጣው። ከወንበሩ ወርዶ ወደ ማርቆስ ሄደና የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋለት።

«ፍሬኑን እይልኝ» አለው።

ማርቆስ ወደ ጋራዡ ሄዶ ክሪክ ይዞ ተመለሰ። የፊት ጎማዎቹ መፈታት ሲጀምሩ የዕድሩ ዳኛ ጮኹ።

«ሰዎች፣ ቄሱ እየጠበቁ ነው! አስከሬን አስቀምጦ ጎማ መፍታት የት አገር ነው?»

«የጎበዜ አገር ነው» አለች አስካለች። ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ቱታውን ይዛለች። ተተኩሷል። እኔ ከሰፋሁት ኪስ ጠመኔውን አወጣች።

ማርቆስ ጠመኔውን አልተቀበለም። «የሚጻፈው የተሳፋሪ ስም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የማንን እንጻፍ እትዬ? ያንቺን?»

«እሱም ተሳፋሪ ነው። የሱን ጻፉ።» ወደኔ ዞረች። «አንተ ጻፍ። ጠመኔው ያንተ ነው።»

ተንበረከክሁ። በግራው ዲስክ ላይ «ጎበዜ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ ተጣሟል፤ የሚሰድበኝ ግን አልነበረም። ምሕረት በጠዋት ከቆላ ደርሳ ነበር፤ ጠመኔውን ከእጄ ወስዳ በቀኙ «አስካለች» ብላ ጻፈች።

ማርቆስ አሽከረከራቸው። ለቀስተኛው ከብቦ ያያል፤ የዕድሩ ዳኛም ቀረብ ብለዋል። ሁለቱ ስሞች ዞረው መጡ፤ ይነበባሉ። ካሳ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ፍሬኑን ረገጠ። ለቀቀ። ረገጠ። መጀመሪያ «አስካለች» ጠፋ፤ ከዚያ «ጎበዜ» ጠፋ። ብረቱ ብቻ ቀረ፤ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ።

«ስማቸውን ፍሬኑ ወሰደው» አለ ማርቆስ።

በደንቡ መሠረት መመለስ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ለሰው ሁሉ ምክር የማያልቅብኝ ሰው አፌን ከፈትኩና ቃል አጣሁ። የመለሰው ካሳ ነው፤ ከመሪው ኋላ ሆኖ፣ ፊት ፊቱን እያየ፦

«ሰዎቹን መንገዱ አይወስዳቸውም።»

ጎማዎቹ ታሰሩ፣ አስከሬኑ ገባ፣ አስካለች ከጎኑ ተቀመጠች። እኔ ከዕድርተኞቹ ጋር በሌላ መኪና ነበር የምከተለው። የሚኒባሱ ሞተር ተነሥቶ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ጊዜ ወደ እጄ አየሁ። በሩን ይዣለሁ። ካሳም ሌሎቹም ይጠብቁኛል፤ ማንም አልተናገረኝም። ልቀቅ የሚለኝ ሰው ውስጥ ተኝቷል።

ለቀቅሁ።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ጀመረ። የኋላ መብራቱ በራ፣ ጠፋ፤ በራ፣ ጠፋ። ይይዛል፣ ይለቃል። ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ቆሜ አየሁት።